አሮጌው ጨዋታ በአዲሱ ማሽን ላይ እንዴት ይሠራል?

«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ የተጫወታችሁ፣ ወይም ሌላ ሰው ሲጫወተው ያያችሁ ጥቂት አትሆኑም። ባለ ጢሙ ማሪዮ ጡብ እየመታና ጉድጓድ እየዘለለ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጓዝበት ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1985 በጃፓኑ ኔንቴንዶ ኩባንያ ተዘጋጅቶ ሲወጣ ሥዕሉ፣ ሙዚቃውና የጨዋታው ሕግ ተጠቃልለው የያዙት ቦታ 40 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በሞባይል ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይወስዳል። ጨዋታው የተሠራለት፣ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1983 «ፋሚኮም» በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ማሽን ፕሮሰሰርም በሰከንድ የሚመታው 1.79 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ነው።

ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 «ዊ» የተባለ ሌላ የጨዋታ ማሽን አወጣ። የዚህ ማሽን ፕሮሰሰር በሰከንድ 729 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ይህም የፋሚኮምን ፍጥነት ከ400 ጊዜ በላይ የሚያጥፍ ነው። ታዲያ የ1985ቱን ፕሮግራም አንዲት ቁጥር ሳንለውጥ ወስደን ለዊ ፕሮሰሰር ብንሰጠው ምን ይሆናል? ጨዋታው በ400 እጥፍ ፍጥነት ይሮጥ ይሆን? አይሮጥም። ጨርሶ አይነሣም። አቅም ያነሰው አሮጌ ማሽን ያለ ችግር የሚሠራውን ሥራ እጅግ የበረታው አዲስ ማሽን ሊሠራው አይችልም። ሆኖም ዊ አሮጌዎቹን ጨዋታዎች ያጫውት ነበር። ይህ የሚሆንበት ዘዴ ኢሙሌሽን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነና ከጨዋታ ያለፈ ምን ቁም ነገር እንዳለው እንመለከታለን።

ቁጥሩ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት

ማንኛውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጨረሻው የቁጥሮች ሰልፍ ነው። ፕሮሰሰሩ ቁጥሮቹን ተራ በተራ እያነበበ እንደ ትእዛዝ ይፈጽማቸዋል። የትኛው ቁጥር የትኛውን ትእዛዝ እንደሚወክል የሚወስነው ግን ፕሮሰሰሩን የነደፈው ባለሙያ ነው።

የፋሚኮም ፕሮሰሰር የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1975 ከወጣውና 6502 ተብሎ ከሚጠራው ቺፕ ነው። ለዚህ ቺፕ 169 እና 5 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች በተከታታይ ሲቀርቡለት «5ን አኩሙሌተር በተባለው ሬጅስተርህ ውስጥ ያዝ» ማለት ነው። ቀጥሎ 141፣ 0 እና 2 ቢመጡ «የያዝኸውን ቁጥር በማኅደረ ትውስታ አድራሻ 512 ላይ አስቀምጥ» ማለት ይሆናል። አድራሻው የሚገኘው 2ን በ256 አባዝቶ 0ን በመደመር ነው።

የዊ ፕሮሰሰር የሌላ ቤተሰብ ተወላጅ ነው። ፓወርፒሲ ከተባለው ወገን የመጣ በመሆኑ ትእዛዞቹ ሁሉ እኩል አራት አራት ባይት ርዝመት አላቸው፤ የ6502 ትእዛዞች ግን ከአንድ እስከ ሦስት ባይት ናቸው። ስለሆነም 169 ለፋሚኮም የሚሰጠውን ትርጉም ለዊ አይሰጥም። በቋንቋችን «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት እንደሆነ ይታወቃል። ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጠው አንባቢው ነው። በፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ቁጥሮቹ በራሳቸው ጨዋታ አይደሉም፤ ጨዋታ የሚሆኑት በትክክል የሚያነብባቸው ማሽን ሲኖር ነው።

አስመሳይ ቢሆንም ስድብ አይደለም

በአማርኛችን «አስመሳይ» መባል ስድብ ነው። በኮምፒዩተር ሳይንስ ግን አሳምሮ ማስመሰል የቻለ ፕሮግራም ይመሰገናል። ኢሙሌሽን ማለት አንድ ማሽን በፕሮግራም አማካይነት የሌላውን ማሽን ጠባይ አሟልቶ እንዲይዝ ማድረግ ሲሆን ይህን የሚፈጽመው ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል።

የሐሳቡ ሥር ከጨዋታ እጅግ የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ የማንኛውም ሌላ ማሽን ሕግ በጽሑፍ ቢሰጠው የዚያን ማሽን ሥራ ሊሠራ የሚችል አንድ ሁለንተናዊ ማሽን ሊኖር እንደሚችል በሒሳብ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የአሜሪካው አይቢኤም ኩባንያ «ሲስተም 360» የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ሲያስተዋውቅ ደንበኞቹ ለቀድሞዎቹ ማሽኖች ያዘጋጇቸውን ፕሮግራሞች እንዳይጥሉ አዲሶቹ አሮጌዎቹን እንዲያስመስሉ አድርጎ ነበር። የጨዋታ ኢሙሌተሮች የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

ኢሙሌተሩ ሥራውን የሚጀምረው አሮጌውን ማሽን በአዲሱ ማሽን ማኅደረ ትውስታ ውስጥ በመገንባት ነው። የፋሚኮም የሥራ ማኅደረ ትውስታ 2,048 ባይት ስለነበር ይህን ያህል ቁጥሮች የሚይዝ ሰንጠረዥ ይዘረጋል። 6502 ስድስት ሬጅስተሮች ስላሉት ስድስት ተለዋዋጮች ይመድባል። ከዚያ በኋላ የሚከተለውን ያለ ማቋረጥ ይደጋግማል። መጀመሪያ ቀጣዩን ቁጥር ከጨዋታው ፕሮግራም ያነብባል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ለ6502 ምን ማለት እንደሆነ ይለያል። ሦስተኛ፣ የትእዛዙን ውጤት በሰንጠረዡና በተለዋዋጮቹ ላይ ይጽፋል። አራተኛ፣ ትእዛዙ በእውነተኛው ማሽን ላይ ስንት ምት ይፈጅ እንደነበር ይመዘግባል። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ 169 ሁለት ምት፣ 141 አራት ምት ይፈጃሉ።

ጨዋታው ራሱ የተለወጠ ነገር መኖሩን አያውቅም። አድራሻ 512ን ሲጠይቅ ከአድራሻ 512 መልስ ያገኛል። ይሁን እንጂ አዲሱ ማሽን አንዲቱን አሮጌ ትእዛዝ ለመፈጸም የራሱን በርካታ ትእዛዞች መሥራት አለበት። ያ የ400 እጥፍ የፍጥነት ብልጫ የሚውለው ለዚህ ነው።

ስሕተቱንም መውረስ

አንድ ተማሪ ኢሙሌተር ለመጻፍ ቢነሣ በመጀመሪያ የሚገጥመው ፈተና ከመደመር ይጀምራል። 6502 ባለ 8 ቢት በመሆኑ አንድ ሬጅስተር ሊይዝ የሚችለው ከ0 እስከ 255 ያሉትን ቁጥሮች ነው። በ255 ላይ 1 ሲደመር ሬጅስተሩ ወደ 0 ይመለሳል። አዲሱ ማሽን ግን 256ን ያለ ችግር ይይዛል። ስለዚህ ኢሙሌተሩ «ትክክለኛውን» ድምር ከሰጠ ተሳሳተ ማለት ነው። የሚፈለገው አሮጌው ማሽን ይሰጥ የነበረው መልስ እንጂ የሒሳብ መምህራችን የሚቀበሉት መልስ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውና «ፓክ ማን» የተባለው ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጨዋታው የደረሰበትን ደረጃ የሚቆጥረው በአንድ ባይት ነው። ተጫዋቹ 256ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቆጠራው ይዛባና የማሳያው ቀኝ አጋማሽ በተዘበራረቁ ፊደላትና ምልክቶች ይሞላል። ይህ የአዘጋጆቹ ስሕተት ነው፤ ሆኖም የጨዋታው ታሪክ አካል ሆኗል። ጥሩ ኢሙሌተር 256ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ማሳያውን በዚያው ዓይነት ማበላሸት ይጠበቅበታል። የጥንት ጽሑፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ የቀደመውን ስሕተት በራሱ ፈቃድ ማረም እንደማይገባው ሁሉ ኢሙሌተርም ማሽኑን ማሻሻል ሥራው አይደለም።

በሳንቲሙ ግርጌ ያለው ምሥጢር

ከመደመር ይልቅ የሚከብደው ግን ጊዜ ነው። ፋሚኮም ውስጥ ከዋናው ፕሮሰሰር ሌላ ሥዕል የሚያወጣ ራሱን የቻለ ቺፕ ነበር። ሁለቱ እኩል ይሠራሉ፤ ዋናው ፕሮሰሰር አንድ ጊዜ በመታ ቁጥር የሥዕሉ ቺፕ በሦስት ነጥቦች ላይ ያልፋል። ሥዕሉ የሚወጣው ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ነው። አንድ ሙሉ ምስል የማይታዩት ጭምር ተቆጥረው 262 መስመሮች፣ እያንዳንዱም መስመር 341 ነጥቦች አሉት። ሲባዛ 89,342 ነጥቦች፣ ለሦስት ሲካፈል 29,780 ገደማ የፕሮሰሰር ምት ይሆናል። ይህ ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይደገማል።

የዘመኑ የጨዋታ አዘጋጆች ይህን የጊዜ ቀመር በቃላቸው ያውቁ ነበር፤ ሥራቸውንም በእርሱ ላይ መሠረቱ። በሱፐር ማሪዮ ማሳያ አናት ላይ ነጥብ፣ ሳንቲምና የቀረው ሰዓት የሚታዩበት ሰቅ አለ። ማሪዮ ሲሮጥ ከበታች ያለው ዓለም ወደ ግራ ይንሸራተታል፤ ሰቁ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የሥዕሉ ቺፕ ሰቁን ለይቶ የማስቆም ችሎታ አልነበረውም። አዘጋጆቹ ችግሩን የፈቱት እንዲህ ነው፦ ከሰቁ የሳንቲም ምልክት ግርጌ ጋር የሚገጥም ትንሽ ምስል አስቀመጡ። የሥዕሉ ቺፕ እየሣለ ወርዶ ያ ምስል ከበስተኋላው ሥዕል ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ላይ ሲደርስ ለዋናው ፕሮሰሰር ምልክት ይሰጣል። ፕሮሰሰሩ ምልክቱን ሲያይ ሰቁ ተሥሎ ማለቁን ያውቅና የቀረው ሥዕል እንዲንሸራተት ያዛል።

አሁን አንድ የቸኮለ ኢሙሌተር ሙሉውን ምስል በአንድ ጊዜ ቢሥልና ያንን ምልክት ቢዘነጋ ምን ይፈጠራል? ጨዋታው ምልክቱን እየጠበቀ በዚያው ደርቆ ይቀራል። የሚጠፋው የሥዕል ውበት ብቻ ሳይሆን ጨዋታው ራሱ ነው። ኢሙሌተር ሠሪዎች እያንዳንዱን ቺፕ በምት ደረጃ የሚያጠኑት ለዚህ ነው። ጥናቱ እስከ ቺፑ አካል ድረስ የዘለቀበትም ጊዜ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2010 «ቪዥዋል 6502» በሚል መጠሪያ የሠሩ ባለሙያዎች የ6502ን ሽፋን ገልጠው፣ ቺፑን በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ከ3,500 በላይ የሆኑት ትራንዚስተሮቹ እንዴት እንደተያያዙ በኮምፒዩተር አሳይተዋል።

ትክክለኛነት ዋጋ ያስከፍላል። የፋሚኮም ተተኪ የሆነው «ሱፐር ፋሚኮም» የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ፍጥነት 3.58 ሜጋኸርዝ ነው። ይህን ማሽን በምት ደረጃ በትክክል ለመምሰል የተዘጋጀው «ቢስኔስ» የተባለ ኢሙሌተር ግን፣ ሠሪው እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገለጸው፣ 3 ጊጋኸርዝ ገደማ ፍጥነት ያለው ኮምፒዩተር ይፈልግ ነበር።

አስተርጓሚና ተርጓሚ

እስካሁን የገለጽነው ኢሙሌተር በስብሰባ ላይ ከተናጋሪው አጠገብ ቆሞ ዓረፍተ ነገሩን እየተከተለ የሚያስተላልፍ አስተርጓሚ ይመስላል። ተናጋሪው አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ቢደግመው አስተርጓሚውም መቶ ጊዜ ይደክማል። ሌላው ዘዴ የመጽሐፍ ተርጓሚ ዘዴ ነው። ኢሙሌተሩ የአሮጌውን ፕሮግራም አንድ አንቀጽ ያህል ወስዶ ወደ አዲሱ ማሽን ቋንቋ ይተረጉምና ትርጉሙን ያስቀምጣል። ያ አንቀጽ በድጋሚ ሲያስፈልግ የተተረጎመውን በቀጥታ ያሠራል። ፈጣን ማሽኖችን ለመምሰል የሚቻለው በአመዛኙ በዚህ ሁለተኛ ዘዴ ነው።

ሆኖም ይህም ሁሉን አይፈታም። በከተሞቻችን ብዙ ወጣት የሚያውቃቸውን የሶኒ ኩባንያ ማሽኖች እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ፕሮሰሰር 33.9 ሜጋኸርዝ ነው። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 የቀድሞውን ጨዋታ እንዲያጫውት ኩባንያው የመረጠው ቀላሉን መንገድ ነበር፤ የአሮጌውን ማሽን ፕሮሰሰር በአዲሱ ውስጥ ለሌላ ሥራ አኖረው፤ የአሮጌ ጨዋታ ዲስክ ሲገባም ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3ም በመጀመሪያዎቹ ምርቶቹ ውስጥ የፕሌይስቴሽን 2ን ዋና ቺፖች ይዞ ነበር። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ቺፖቹ ደረጃ በደረጃ ሲወጡ ግን የፕሌይስቴሽን 2 ዲስኮች በኋለኞቹ ምርቶች ላይ መሥራታቸውን አቆሙ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዲስኮች ግን በሁሉም የፕሌይስቴሽን 3 ምርቶች ላይ በኢሙሌሽን ይሠራሉ።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። የፕሌይስቴሽን 3 ፕሮሰሰር ፍጥነት 3.2 ጊጋኸርዝ ነው። ከመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 94 ጊዜ ያህል፣ 295 ሜጋኸርዝ ገደማ ከሆነው ከፕሌይስቴሽን 2 ግን 11 ጊዜ ያህል ብቻ ይበልጣል። ፍጥነት ብቻውን ሁሉን ባይወስንም አስተርጓሚው የሚሠራበት ትርፍ አቅም እንዴት እንደሚጠብ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሕጉስ ምን ይላል?

ኢሙሌተር መሥራት የሰው ንብረት መውሰድ ነውን? ጥያቄው በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ የፕሌይስቴሽን ጨዋታዎችን በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም በማውጣቱ ሶኒ ከሰሰው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 በሰጠው ውሳኔ የአንድን ማሽን አሠራር ፈትሾ በመረዳት የራስን አዲስ ፕሮግራም መጻፍ ተገቢ አጠቃቀም መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ግን የጨዋታውን ቅጂ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛትን አይፈቅድም። በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ማሽኑን መምሰል አንድ ነገር ነው፤ ጨዋታውን መቅዳት ሌላ ነገር ነው።

ችግሩ ብዙ አሮጌ ጨዋታዎችን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ማግኘት የማይቻል መሆኑ ነው። «ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። የዊ ማሽን አሮጌ ጨዋታዎችን የሚሸጥበት መደብርም እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ተዘግቷል። አሮጌውን ለማንሣት የመጣው አገልግሎት ራሱ አሮጌ ሆነ ማለት ነው።

ከጨዋታ ባሻገር

«ጨዋታ ቢጠፋስ ምን ይጎድላል?» የሚል አንባቢ አይታጣም። ለዚህ የእንግሊዝን አንድ ታሪክ እናስታውስ። ንጉሥ ዊልያም ቀዳማዊ ያዘዘው የአገሪቱ የመሬትና የንብረት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1086 በብራና ተጻፈ። ቢቢሲ የዚህን መዝገብ 900ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ1986 የአገሪቱን አዲስ ገጽታ በጽሑፍና በፎቶግራፍ አሰባስቦ በሌዘር ዲስክ ላይ አኖረ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብቡት ማሽኖች ብርቅ ሆኑ። የ900 ዓመቱ ብራና እየተነበበ የትናንቱ ዲስክ የማይነበብ ሊሆን ደረሰ። በመጨረሻ የእንግሊዙ ሊድስና የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በ2002 መረጃው እንደገና የታየበትን ኢሙሌተር ሠርተው አሳዩ።

የብራና ባለቤት ለሆነችው አገራችን ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በኮምፒዩተር አማርኛ የሚጻፍባቸው ፕሮግራሞች ለ«ሀ» እና ለ«ለ» የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ከላይ ያየነው የ169 ችግር በራሳችን ፊደል ላይ ደርሷል ማለት ነው። በዘመኑ የተጻፉ የመመረቂያ ጥናቶች፣ ደብዳቤዎችና ድርሰቶች በፍሎፒ ዲስክ ላይ ቢገኙ እንኳ የጻፋቸው ፕሮግራም ካልተገኘ የሚያነብባቸው አይኖርም። ለዶስ የተዘጋጁት እነዚያ ፕሮግራሞች ደግሞ በዛሬዎቹ ባለ 64 ቢት የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ላይ በቀጥታ አይነሡም።

መፍትሔው ከየት እንደመጣ ማየት ያስደንቃል። «ዶስቦክስ» የተባለው ኢሙሌተር እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ዋና ዓላማው የዶስ ዘመን ጨዋታዎችን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ማጫወት ነበር። ጨዋታ የሚያስነሣው ይኸው መሣሪያ ግን ሌሎች የዶስ ፕሮግራሞችንም ሊያስነሣ ይችላል። ጨዋታ ወዳዶች ለመዝናኛቸው የደከሙበት ሥራ የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ጽሑፍ ሊያድን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አሮጌ ፋይል ያላችሁ ወገኖች ፋይሉን ብቻ ሳይሆን የተጻፈበትን ፕሮግራምና የፊደል ገበታ ጭምር አብራችሁ አስቀምጡ።

ጉዳዩን በእጃችሁ ልትፈትኑት ለምትሹ ተማሪዎችም መንገዱ ክፍት ነው። በ1970ዎቹ የተፈጠረው «ቺፕ 8» የተባለ ቀላል የጨዋታ ሥርዓት 35 ትእዛዞች፣ 16 ሬጅስተሮች፣ 4,096 ባይት ማኅደረ ትውስታና 64 በ32 ነጥብ ማሳያ ብቻ አለው። አንድ የፕሮግራም ቋንቋ የተማረ ተማሪ በጥቂት ሳምንታት ትጋት የዚህን ሥርዓት ኢሙሌተር በመጠነኛ ኮምፒዩተር ላይ ሊጽፍ ይችላል። ቁጥሮቹ ተነብበው የመጀመሪያው ሥዕል በማሳያው ላይ ብቅ ሲል ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ ከየትኛውም ገለጻ ይልቅ ግልጽ ይሆናል። ማሽን የብረትና የሽቦ ክምር ብቻ አይደለም፤ የሕግጋት ስብስብ ነው። ብረቱ ይዝጋል፣ ሽቦው ይበጠሳል፤ ሕጉን አሟልቶ የተረዳና የጻፈ ሰው ካለ ግን ማሽኑ እንደገና ይነሣል እንላለን።